ማንም ያልባረከው

አያቴን፣ የእናቴን አባት፣ ዓሣ ነጋዴ ናቸው ብዬ ነበር የማውቃቸው። ያውም ንግድ የማይሆንላቸው ነጋዴ! ሁለት በጋ ሙሉ ከሞጣ እስከ ቢቸና በአውቶቡስ እየተንገላቱ፣ ከቢቸና እኛ ድረስ በእግራቸው እየመጡ፣ በዚያ ውርጭ ያጠመዱትን ዓሣ ለማንም ሲሸጡ አይቼ አላውቅም። አጥምደው በኔ እጅ ይልኩታል፣ እናቴ ትመልሰዋለች፣ ይዘውት ይሄዳሉ። «ይቺ ሴትዮ ካልገዛችዎት ሌላ ቤት ለምን አይሞክሩም?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ እናቴን «ይቺ ሴትዮ» ብዬ፣ ለንግዳቸው አዝኜ። ሳቁና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ ስጦታው የግድብ ዘበኛ ነበር። ግድቧ ለመስኖ የተሠራች ትንሽ ናት፤ ከቢቸና ወጣ ብላ፣ ሰው ውሃ ለመልቀቅና ለመዝጋት ካልሆነ የማይደርስባት። ቤታችን ከግድቧ ራስጌ ብቻዋን ተቀምጣለች። እሳት የምንለዋወጠው ጎረቤት የለን፣ በበዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ብቅ የሚል የለን። እናቴ ገበያ አትወጣም፣ ማኅበር የላትም፣ ለቅሶ እንኳ ስትደርስ ከዳር ተቀምጣ ነው የምትመለስ። እኔም ብቻዬን አደግሁ። ከአባቴ የመዝጊያ ቁልፎች ጋር ስጫወት፣ ከራሴ ጋር ሳወራ ነው የምውለው።

ገና ሲደርስ የክፍሌ ልጆች «እማማዬ ቤት ልንሄድ ነው» እያሉ ይፈነጥዛሉ። የአባቴ እናት ከመወለዴ በፊት ሞታለች። «የኔስ? ያንቺ አባትና እናት የት ናቸው?» እላታለሁ እናቴን።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ትለኛለች። ፊቷ ይጠቁርና ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አታናግረኝም። ስለዚህ መጠየቅ ተውኩ።

ያልነገረችኝን ነገር አግብቼ የራሴን ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው የነገረችኝ። እናንተን ግን አላንከራትትም፣ አሁኑኑ እነግራችኋለሁ።

እናቴ ስሟ ጁማና ነበር፤ የሞጣው ጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ሙሐመድጣሂር ልጅ። አባቴ ሞጣ ለመንገድ ሥራ ሄዶ ሳለ ተዋወቁ፣ ተዋደዱ፣ ተያይዘው ጠፉ። እሷም ክርስትና ተነሣች፣ ፀሐይነሽ ተባለች። እኔ ተወልጄ ዳዴ ማለት ስጀምር ሽማግሌ ገባ፤ ከዚህ በኩል መምሬ ሣህለ ማርያም፣ የአባቴ አጎት፤ ከዚያ በኩል ሙሐመድያሲን የሚባሉ የቢቸና ነጋዴ። ተወቃቀሱ፣ ተላቀሱ፣ ይቅር ተባባሉ። የቀረው ከአንድ ትሪ ሥጋ በልቶ እርቁን ማሰር ነው። በጉም ግቢ ውስጥ ታስሮ ቆሟል። ማን ይረደው?

መምሬ ባርከው ቢያርዱት ሐጂ አይበሉትም። ሙሐመድያሲን ባርከው ቢያርዱት እናቴና አባቴ አይበሉትም። ሽማግሌ መቼም መላ አያጣም፤ «ሁለት በግ ይታረድ፣ ሁለት ድስት ይጣድ» አሉ። እናቴ ያን ጊዜ ነደደች። «አባትና ልጅ በሁለት ድስት ሲታረቁ ማን አይቷል? እንግዳ ነኝ ወይ እኔ?» አለች። አያቴም አኩራፊ ናቸው፣ ብድግ አሉ። እሷም ከጀርባቸው፣ «እንግዲያው ማንም ያልባረከው ሥጋ ይዘው ይምጡ! ያን ጊዜ አብረን እንበላለን!» ብላ ጮኸችባቸው።

በሩን መዝጋቷ ነበር። ያልተባረከ ሥጋ በዚህ አገር የት ይገኛል? በጉም ሳይታረድ ወደ መንጋው ተመለሰ። እናቴ ያንን ቃል የተናገረችበትን አፏን ስንት ዓመት ስትረግመው እንደኖረች እሷና እግዜር ያውቃሉ።

አያቴ ግን ነጋዴ ናቸው። ነጋዴ «አምጣልኝ» ካሉት ያመጣል። ከዓመታት በኋላ ለጨርቅ ባሕር ዳር ወርደው፣ ሐይቁ ዳር ምሳ ሲበሉ፣ ዓሣው ከታንኳ ወርዶ መጥበሻ እስኪገባ ማንም አንድ ቃል እንዳልተነፈሰበት አዩ። ቢላዋ ያነሣችው ልጅ ከጓደኛዋ ጋር እየተሳሳቀች ነው የሰነጠቀችው። ምሳቸውን ትተው ተነሡ። በማግስቱ አንዲት ትንሽ የደንገል ታንኳ ኢሱዙ ላይ አስጭነው ወደኛ መጡ። ሞጣ ላይ ሰው «ሐጂ፣ መርከብ ገዙ እንዴ?» እያለ ሲስቅባቸው ነበር አሉ።

ገዝተው ቢያመጡትስ? እንዳትሉ። ሌላ ሰው ያጠመደውን ዓሣ፣ መረቡን ሲጥል ምን ብሎበት እንደነበር ማን ያውቃል? በስመ አብ ብሎ ይሁን፣ ቢስሚላህ ብሎ? ስለዚህ በገዛ እጃቸው ማጥመድ ነበረባቸው።

እኔ እንግዲህ ይሄን ሁሉ የት አውቄ! እኔ የማውቀው አንድ ቀን ጠዋት ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ግድባችን ላይ ታንኳ ይዘው መምጣታቸውን ነው። አባቴ ሲያያቸው የተቀመጠበትን ድንጋይ ለቆ ቆመ። እሳቸው እስኪሄዱም አልተቀመጠም። ተቆጣጣሪ መስለውኝ ነበር። «ልጅቷ ትል ትቆፍርልኝ» አሉት፣ ፊቱን ሳያዩ። «እሺ» አለ፣ እሱም ፊታቸውን ሳያይ።

በመጀመሪያው በጋ አያቴ ምንም አላወቁበትም። መንጠቆውን ከላይ ከላይ ይጥላሉ፤ ክሩን ሲጎትቱ ጨርቅ ከጣቃ የሚቀዱ ነው የሚመስሉት። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ደግሞ በሙቀት ጊዜ ከላይ ይጫወታል እንጂ ኅዳር ሲገባ፣ ውርጭ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው፣ ድራሹ ይጠፋል። ቀስ በቀስ ግን ለመዱ። ለመድን ልበል እንጂ፣ እኔም ነበርኩበት።

በብርድ ዓሣ ወደ ታች ይወርዳል። ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ወንዙ ይሄድበት የነበረ ጥልቅ ቦታ አለ፤ እዚያ ተጠጋግቶ ይተኛል። ፀሐይ የግድቡን ግንብ ሳትነካ መውጣት ከንቱ ድካም ነው። ታንኳዋን ቀዘፋው ሳይጮህ ወደዚያ ታስጠጋና ከፊትና ከኋላ ድንጋይ በገመድ ታወርዳለህ፤ አንድ ድንጋይ ብቻ ከሆነ ነፋሱ ያሽከረክርሃል። ክሩ ታች ሲነካ አንድ ስንዝር መልሰህ ታነሣዋለህ። ከዚያ በጣትህ ላይ አሳልፈህ መጠበቅ ነው። የበረደው ዓሣ አይነክስም፤ ይጠባል። ይጎትተኛል ብሎ የጠበቀ ባዶ እጁን ይገባል። ክሩ ትንሽ የከበደ ሲመስልህ፣ እርጥብ ፈትል የያዝክ ያህል፣ ቀስ አድርገህ ማንሣት ነው። ከነጠቅኸው ከንፈሩ ተቀዶ ይቀራል። የጀርባው እሾህ ደግሞ ክፉ ነው፤ ከራሱ ጀምረህ ወደ ጭራው እየዳበስክ እሾሁን አስተኝተህ ነው የምትይዘው። አያቴ ጣታቸው ሲደነዝዝባቸው አንዱን እጅ ብብታቸው ውስጥ ይከታሉ፣ ሌላው ይሠራል፤ ከዚያ ያፈራርቃሉ።

ሌላም ጥበብ አለ፣ ከሁሉ የሚበልጥ። ዝምታ።

አያቴ ታንኳ ሲገቡ ቢስሚላህ ይላሉ። ውሃ ሲጎነጩ፣ ጫማ ሲያወልቁ ቢስሚላህ ነው። መንጠቆው ወደ ውሃው መውረድ ሲጀምር ግን የታች ከንፈራቸውን በጥርሳቸው ይይዛሉ። ዓሣው ወጥቶ ታንኳው ላይ ሲፈራገጥም እንደነከሱት ናቸው። አንዴ ትልቁ ሲወጣ «ኢየሱስ ክርስቶስ!» ልል አፌን ስከፍት በዚያ በበረደ እጃቸው ከደኑት።

«ስም አይጠራም። ዓሣ ላይ የማንም ስም አይጠራም» አሉኝ።

«ይሸሻል?»

«ይሸሻል።»

አመንኳቸው። ስንት ዓመት ሙሉ ዓሣ የእግዚአብሔርን ስም ሲሰማ የሚሸሽ ከሰይጣን ወገን የሆነ ፍጥረት ነው ብዬ አምን ነበር፣ ቆይ ሳቁብኝ። ያንን ትልቁን መልሰው ውሃ ውስጥ ለቀቁት። «አፍሽ ተከፍቶ ነበር፤ ስሙን ያወጣሽው ይሁን ያላወጣሽው አላወቅሁም» አሉ። በጣም ተናደድኩ፤ ያን የመሰለ ዓሣ!

በመካከል ይጠይቁኛል። እናትሽ ሌሊት ትተኛለች? ወገቧን አሁንም ያማታል? ትስቃለች? ሰው ይመጣባታል? ሻጭ የገዢን ቤት እንዲህ ይሰልላል እንዴ እያልኩ እመልሳለሁ። «አትስቅም» አልኳቸው። «ማንም አይመጣም።» ክሩ ከብዶ ነበር፣ እኔ አይቻለሁ፣ እሳቸው ግን አላነሡትም።

ቤት ስመለስ ደግሞ እናቴ ትቀበለኛለች። ሳል አላቸው? ካልሲ አድርገዋል? ጋቢያቸው እርጥብ ነው? ከዚያ በፔርሙዝ ሻይ ትሰጠኛለች፤ ዝንጅብልና ብዙ፣ በጣም ብዙ ስኳር። ማንም ሳይነግራት። ስቀምሰው ጥርሴን ነዘረኝ። «እማ፣ አበዛሽው» ስላት፣ «እንዲያ ነው የሚወዱት» አለችና ደነገጠች። «ነጋዴዎች» ብላ ጨመረች።

ዓሣውን ግን ትመልሳለች። «ጾም ነው በያቸው።» እውነትም ጾም ነበር። ብርዱ ሲጀምር የነቢያት ጾም ይገባል፤ በዚያ ዘመን ረመዳንም እዚያው ላይ ይውል ነበር። ጾሙ ሲፈታ ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ። ዓሣ በጾም ይበላል የሚል ነበር፣ አይበላም የሚል ነበር፤ እናቴ ግን ከተወላጆቹ በላይ ጿሚ ናት፣ ማንም በእምነቷ እንዳይጠረጥራት። ገና አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለችው አጭር ጊዜ ስትመጣ ደግሞ ሌላ ምክንያት ታመጣለች። ራሴን አመመኝ። ዘይት የለም። አሁን ሳስበው ፈርታ ነበር። ያ ሁሉ ተለፍቶ፣ ከአንድ ትሪ ቀርበው፣ አሁንም እንደዚያ ቀን አንድ ነገር ቢበላሽስ? ከዚያ በኋላ ምን ይቀራል? ሳይሞከር ቢቆይ ይሻላል ብላ ነበር።

ዛሬ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ዓሣ ቤት ስገባ አስተናጋጁ «ጥብስ ነው ለብለብ?» ይለኛል፤ አጠገቤ ሒጃብ ያደረገች ልጅና ማተብ ያሰረች ጓደኛዋ ከአንድ ሳህን እያወሩ ይበላሉ። እነሱ እዚያ ሳህን ላይ ምን እንዳለ አያውቁትም። አንዳንዴ ተነሥቼ ልነግራቸው ይቃጣኛል፤ ከዚያ «ምን የነካት ናት» ይሉኛል ብዬ ዓሣዬን እበላለሁ።

በሁለተኛው በጋ፣ ከገና በኋላ ማክሰኞ ቀን፣ እናቴ ትሉን በጣሳ ይዤ ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ። ያለፈው ሳምንት «ደረታቸው ይጮሃል» ብያት ነበር።

«ዛሬ ካገኙ፣ እዚህ ይምጡ በያቸው። ይዘው ይግቡ በያቸው።»

ሄጄ ነገርኳቸው። ድንጋዩን ሊያወርዱ ይዘውት ነበር፤ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ምን አለች? ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። «እንዴት ብላ አለችው? ተቆጥታ?» «ኧረ አልተቆጣችም።» ያን ቀን ክሩ በእጃቸው ላይ ሲንቀጠቀጥ ዓሣም ሸሸ። ፀሐይዋ ግንቡን ነክታ ወደ ውሃው ወረደች፤ ምንም የለም። ሳላቸውን በጋቢ ያፍኑታል። በቃ አይሆንም ብዬ ሳዝን፣ ክሩን እኔ ጣት ላይ አደረጉትና «አንቺ ያዢው፣ የኔ እጅ ዛሬ አይረባም» አሉኝ። ከበደኝ። ቀስ ብዬ አነሣሁ። ሁለታችንም ከንፈራችንን ነክሰን። ሲወጣ የክንዴን ያህል ነበር።

ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ እየዋኘ ይዘነው ገባን። ከዚያ ቀን በኋላ እሳቸውን በሕይወት አላየኋቸውም፤ ያ ደረት በዚያው ዓመት ክረምት ሳይገባ ወሰዳቸው። ቢሆንም ያን ቀን ምን እንደሚመስሉ እናገራለሁ፤ በራችን ላይ ቆመው ቆባቸውን ያስተካክላሉ፣ ጋቢያቸውን ያራግፋሉ፣ እንደገና ቆባቸውን ያስተካክላሉ። እናቴ ከውስጥ መጥታ ባልዲውን ከእጃቸው ተቀበለች። እጃቸው አልተነካካም። ዓሣው ባልዲው ውስጥ ተገላብጦ ፊቷን ውሃ ረጫት፤ አልጠረገችውም።

አባቴ የበዓል ኮቱን ለብሶ መቀመጫ ያመጣል፣ መቀመጫውን ይመልሳል፣ ሌላ ያመጣል። የሚሠራው ጠፍቶት ነው እንጂ ደግ ሰው ነው አባቴ። ከዚያ እናቴ ዘይት ስትጥድ፣ ልርዳት ብሎ ዓሣውን ከባልዲው አወጣና ቢላዋ አነሣ። እሾሁ ወጋው። ዓሣው ሊያመልጠው ሆነ። ጨብጦ መሬት ላይ አስደገፈውና፣ በዕድሜው ሙሉ በግና ዶሮ ላይ እንደሚለው፣

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» ብሎ አንገቱን ቆረጠው።

ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። የአባቴ ጣት ይደማል፤ እኔ ሁሉም የደነገጠው በደሙ መስሎኝ ጨርቅ ፍለጋ ሮጥኩ። ስመለስ አባቴ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ይዟል። «ምን ነካኝ! ወይኔ፣ ምን ነካኝ!» ይላል። ጣቱን ላስርለት ስል እጁን ነጠቀኝ። እናቴ መጥበሻውን ይዛ እንደቆመች ቀርታለች፤ ዘይቱ ይጨሳል። አያቴ መሬት መሬት ያያሉ። ለአንድ ጣት ይሄ ሁሉ? ብዬ ገረመኝ።

እናቴ ዓሣውን ሰንጥቃ ጠበሰችው። ለምን እንደጠበሰችው ሳልጠይቃት ሞተች። መሬት ላይ ሊጣል ስለማይገባ ይሆናል፤ እጇ የሚሠራውን ስላጣ ይሆናል። በትሪ አቀረበችው፣ እንጀራው ላይ አድርጋ። አራታችን ከበብነው። ማንም እጁን አልዘረጋም። እኔ ርቦኛል። አንድ ሰው ከተነሣ ሁሉም ነገር እዚያው እንደሚያበቃ፣ ምኑ እንደሚያበቃ ባላውቅም፣ እኔም እንኳ ገብቶኝ ነበር።

አያቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስጦታው» አሉ። በስሙ ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባቴ ብድግ አለ።

«አቤት ሐጂ።»

«ተቀመጥ። ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? በድን ይባረካል እንዴ?»

አባቴ አልገባውም። እኔም አልገባኝም።

«ታንኳው ላይ እኮ ነው የሞተው» አሉ አያቴ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ገበያ ላይ ዋጋ እንደሚናገር ሰው። «ሞቶ የቀረ ነገር ላይ ብትጮህበት ምን ይሰማል? የኔ ዓሣ ማንም ሳይባርከው ነው የሞተ። ይዤ የገባሁት በድን ነው።»

ሞጣ ላይ ሐጂ ጣሂር ማለት ጨርቅ ሲለካ ክንዱን የማያሳጥር ነጋዴ ማለት ነበር። ሰው «እንደ ሐጂ ክንድ» ይላል፣ ስለ እውነተኛ ነገር ሲናገር። ይህንንም በኋላ ነው የሰማሁ።

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ፊቷ ላይ የረጫት ውሃ ደርቆ ነበር።

«አዎ» አለች። «ስቀበልዎት በድን ነበር።»

ኧረ! እንዴት ያለ ነገር ነው! እሱ እኮ ባልዲው ውስጥ ይዋኝ ነበር። እሷኑ እኮ ነው የረጫት። አባቴን እኮ ወግቶታል። እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ የኔ ዓሣ ነው፤ በሐሰት ሞቷል ሲሉት ዝም ልል ነው?

«ኧረ አልሞተም ነበር! እማ፣ አንቺ ራስሽ አላየሽም እንዴ፣ ጉንጩ ይከፈት...»

እናቴ ከትሪው መካከል አንድ ትልቅ ቁራሽ ጠቅልላ አፌ ውስጥ ከተተችው። እንዲህ ያለ ጉርሻ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አጉርሳኝ አታውቅም፤ እስከ ጉሮሮዬ ሞላኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንግዳ ተቀምጦ ልጅ ቀድማ ስትጎርስ አይቼ ስለማላውቅ፣ ዓሣውን ስላወጣሁ የተሰጠኝ ክብር መሰለኝና ዝም ብዬ ማላመጥ ጀመርኩ።

አያቴ ጠቀለሉ። ያ የበረደ እጃቸው ቀጥ ብሎ ወደ እናቴ ሄደ።

«እንቺ፣ ጁማና።»

አፏን ከፈተች። ዓይኗን ጨፍና አኘከች፣ እንባዋ በአገጯ እየወረደ። ከዚያ እሷ ጠቀለለችና «አባዬ» ብላ አጎረሰቻቸው። እሳቸውም ለአባቴ። አባቴ የሚደማውን ጣቱን ከኋላው ደብቆ፣ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ጎረሰ። እኔ አሁንም እያላመጥኩ ነበር።

ዓሣው ግን አልሞተም ነበር።